ያልተሟሹ ድስቶች

መስከረም 9፣ ዓርብ

…እና አክስቴ ዕፀገነት ወንበር ላይ ወጥታ የጭስ ማንቂያውን በጋዜጣ ስታራግብ፣ ከሥሯ አዲሱ የሸክላ ድስት ዘይቱን እየጠጣ ሲጨስ፣ እኔ የስቶክዌሉን ፍላት፣ የለንደኑን ቤታችንን፣ መስኮቶች ሁሉ ስከፍት፣ ዳናዊት፣ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ «ማሚ፣ ፋየር ብሪጌድ ይመጣል!» ስትል፣ አክስቴም «ይምጣ! ሳይሟሽ ወጥ አልሠራበትም» ስትል። ከዚያ በኋላ ያለው ጠፍቶኛል። ሰዎቹ መጥተው ነበር? ወይስ ጩኸቱ ራሱ ደክሞት ዝም አለ?

ይህን ያስታወሰኝ የወጥ ቤት ዕቃ የምንሸጥበት ዌብሳይት ነው። «ታሪካችን» የሚለው ገጽ ተቀይሯል። ድስቱ አሁን ከተራራ ሥር ካለ የአያት ማጀት የመጣ ሆኗል። አያታችን የቂርቆስ ሰው ነበሩ፤ ሲያበስሉ የኖሩት በአሉሚኒየም ድስት፣ በቡታጋዝ ነው። አክስቴ ድስቱን የገዛችው እዚሁ ለንደን፣ ጓዟን ሸጣ ወደ አገሯ ከምትመለስ ሴት ነበር። እንዲያ ብዬ ጽፌው ነበር። ተሰርዟል።

በገጹ ላይ ሁለት ሰው አለ፤ የሞተችው አክስቴና ልጇ ዳናዊት። የድርጅቱም ስም ያው ነው፤ «ዕፀ ኤንድ ዶተር»። ዕፀ እና ልጅ። የእህት ልጅ ለስም አይመችም። አራት ዓመት ሙሉ የእያንዳንዱን ማንኪያ፣ የእያንዳንዱን መክተፊያ መግለጫ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ምንም አልልም። ያለ እኔ ቃል እስከ የት እንደሚሄድ እናያለን።

መስከረም 12፣ ሰኞ

በስልክ ምግብ እየሠራ የሚያሳይ አንድ ሰው ቅዳሜ ዕለት ድስታችን ውስጥ ባቄላ ቀቀለ። ሁለት ሚሊዮን ሰው ይከተለዋል ይላሉ። ዛሬ ጠዋት ዘጠኝ መቶ ኦርደር። ዳናዊት እዚህ ዌምብሊ ዌርሃውሱ፣ መጋዘናችን መሐል እንደ ሕፃን ዘለለች።

ዝላዩ አጭር ነበር። ድስቶቹ ፖርቱጋል ካለው ሸክላ ሠሪ ሲመጡ እያንዳንዱን የሚያሟሹት እትዬ ብፅዓት ናቸው። ከማሸጊያው ጠረጴዛ ጀርባ ሁለት ምድጃ አላቸው። ዘይት ይቀቡታል፣ ለሰስ ባለ እሳት ያቆዩታል፣ ውኃ ያፈሉበታል፣ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ አይነኩትም።

«በቀን አሥራ ሁለት!» አለ ጊዲዮን፣ ዳናዊት በሰኔ የቀጠረችው የሥራ ኃላፊ። «ካልኩሌት አድርጌዋለሁ። ጃንዋሪ ይገባል። ሰው ድስት ሲጠብቅ ይሞታል።»

«ሳይሟሽ ይሂድ ነው የምትለው?» አሉ እትዬ ብፅዓት። «ይሰነጠቃል እኮ፣ ልጄ።»

«ካርድ እናደርግበታለን፣ እትዬ» አለች ዳናዊት። «እንዴት እንደሚሟሽ። ሰዎቹ ራሳቸው ያሟሹታል። ዓይኑ ትጽፈዋለች።» ዓይኑ እኔ ነኝ።

«እነዚህ? ሻይ ለማፍላት ቁልፍ የሚጫኑት?» ብለው ሳቁ። ማንም አብሯቸው አልሳቀም። ምድጃዎቹ ከሰዓት በኋላ ተነቀሉ።

ካርዱ እስከ ሐሙስ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት።

መስከረም 15፣ ሐሙስ

ጻፍኩት። አምስት መስመር፣ አንድም ትርፍ ቃል የሌለበት። ዳናዊት ወደ ሸክላ ሠሪው፣ ሊዝበን ልትበር ስትል ኤርፖርት ሆና አነበበችው። «ሳይሟሽ እሳት ላይ ከጣዱት ይሰነጠቃል የሚለው ያስፈራል፣ ዓይኑ። ዋርም አድርጊውና ላኪው።»

ሞቅ አላደረግሁትም። አልላክሁትም። ማታ «ተላከ?» ብላ ስትጽፍልኝ «አዎ» አልኳት፤ ነገ ስለምልከው።

መስከረም 19፣ ሰኞ

ባስ ላይ ሆኜ።

እትዬ ብፅዓት፦ «ወረቀቱ የታለ?»
እኔ፦ «ይመጣል።»
«እስኪመጣ ማሸጉን ላቁም?»
«አይ፣ ይሂድ።»

ጊዲዮን አዲስ ፎርም አውጥቷል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሰባት ጥያቄ፣ ከጥያቄው ጎን ባዶ ቦታ፣ ከታች ፊርማ። ድስቱ ታይቷል? ተጠቅልሏል? ካርዱ ገብቷል? ሁሉም በእንግሊዝኛ። እትዬ «ምን ይላል?» አሉኝ። ቸኩዬ ነበር። «ሁሉንም ቲክ ያድርጉትና ይፈርሙ፤ ችግር የለውም» አልኳቸው።

የለውምም። ካርዱ ነገ ይሄዳል።

መስከረም 25፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ብፅዓት እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ከቦርሳቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ፤ የጠበቃቸው ነው። ባለቤታቸው ጋሼ ኪዳነማርያም ከካርቱም ጦርነት ሸሽተው ካይሮ ናቸው። ተለያይተው አሥራ አንድ ዓመት። አሁን ሊያመጧቸው አፕላይ አድርገዋል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እትዬ ብፅዓት ሥራ ላይ መሆናቸውን፣ ሥራውም ቋሚ መሆኑን የሚገልጽ የቀጣሪ ደብዳቤ። ያ ከሌለ ማመልከቻው ይወድቃል።

«ቃሉ ያንቺ፣ ፊርማው የዳናዊት» አሉኝ። «አንቺ ስትጽፊ ደግሞ ሰው ያምናል።»

እዚያው በስልኬ ጻፍኩላቸው። ጥሩ ደብዳቤ ነው። ስመለስ ባቡር ውስጥ ደግሜ አነበብኩት፤ «ጠንቃቃና ታማኝ ሠራተኛ» የሚለው ላይ ቆየሁ።

ካርዱ አሥር ቀን ሆነው። ለምን እንደማልልከው ራሴን ጠየቅኩ። ማተሚያ ቤቱ የሚቀበለው እስከ አራት ሰዓት ነው፤ እኔ የማስታውሰው ሁልጊዜ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። እውነት ነው። ሌላም እውነት አለ። ዳናዊት በየቀኑ ከሊዝበን ፎቶ ታወጣለች፤ ጭቃ የነካ እጅ፣ ነጭ ግድግዳ፣ «የእናቴ ድስት» የሚል ጽሑፍ። ስሟ በየሥሩ። የእኔ አምስት መስመር ከሌለ ከዚያ ሣጥን ውስጥ አንድ ነገር ይጎድላል። አንድ ሰው ይህን ልብ እንዲለው ፈልጌ ይሆናል። ማንም ልብ አላለውም። ሰባት መቶ ድስት ወጥቷል፤ ማንም «ምን ጎደለ?» አላለም።

ከእትዬ ብፅዓት በቀር። እሳቸው በየቀኑ ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው እያስጠላኝ መጣ፤ እንዲህ ብሎ መጻፍ ነውር ነው።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

እዚሁ ለንደን፣ ሃክኒ የምትኖር አንዲት ሴት። አዲስ ድስት ከሣጥኑ አውጥታ ቀጥታ ትልቁ እሳት ላይ ጣደች። ምስር። ድስቱ ለሁለት ተከፈለ፤ የፈላው ሁሉ ጭኗ ላይ። ሆስፒታል ገብታለች። ቆዳ ሊያዛውሩላት ነው።

ቪዲዮውን እኅቷ ናት ያወጣችው። ሣጥኑን ገልብጣ ታራግፋለች። የተቆራረጠ ወረቀት ይወድቃል። ሌላ ምንም። «ምንም! አንዲት ቃል እንኳን የለም!» ትላለች።

አንዲት ቃል።

ከሥሩ ሰው ይሳደባል። «ድስት ነው ቦምብ?» «ወደ መጣችሁበት ውሰዱት።» ድስቱ የመጣው ከፖርቱጋል ነው፤ ይህን ለማን ይነግሩታል።

ካርዱን ማታ በአምስት ሰዓት ከአርባ ላክሁት። «አስቸኳይ» አልኩበት።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

የዌምብሊ ስታዲየም ጨዋታ ስላለው መንገዱ ሳይዘጋ ሁሉም በጊዜ ወጣ። ዕቃ መረከብ እኔ ላይ ወደቀ። ስድስት ካርቶን ካርድ። ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከድሮዎቹ ትሪዎች ጀርባ አስገባኋቸው፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። ካርቶኖቹ ላይ የዛሬ ቀን ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ጠርዙ ተነሥቶ ነበር። ላጥኩት። የስድስቱም ጠርዝ ተነሥቶ ነበር።

ውጪ ቀይ የለበሱ ሰዎች እየዘፈኑ ያልፋሉ። አንዱ የዌርሃውሱን ቆርቆሮ በጡጫ መታው። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ዳናዊት ተመለሰች። አልተኛችም፤ ፊቷ ያሳያል። ማንንም ሰላም ሳትል «ካርዱስ?» አለች።

ጊዲዮን ነው ያገኘው። አንዱን ካርቶን ተሸክሞ መጥቶ ማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ ጣለው። «ሊትራሊ እዚህ ነበር! ስድስት ካርቶን! ትሪው ጀርባ!» ከዚያ ፎርሞቹን እንደ ካርታ ዘረገፈ። «አንቺ ፈርመሻል። ሉክ። ካርድ፣ ቲክ። ካርድ፣ ቲክ። ዘጠኝ መቶ ጊዜ ዋሽተሻል?»

ለንደን ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ አንቱ ማለትን ማንም አላስተማረውም። ቢሆንም የስድሳ ዓመት ሴት ናቸው። እኔ ላርመው ይገባኝ ነበር። ቢያንስ እሱን።

«ይህን ካርቶን ዛሬ ገና ነው የማየው» አሉ እትዬ ብፅዓት።

«ሶ? ከሰማይ ወረደ?»

«እኔ ምን ዐውቄ።» ወደ እኔ ዞሩ። አልጠቆሙም፤ ዞሩ ብቻ።

ስልኬን እያየሁ ነበር። ስልኬ ላይ ምንም አልነበረም።

ዳናዊት እትዬ ብፅዓትን ወደ ቤት ሰደደቻቸው፤ ነገሩ እስኪጣራ። ሲሄዱ መቀሳቸውንና የማሸጊያ ቴፓቸውን ቦታ ቦታው አስቀመጡ። ጊዲዮን ከኋላቸው፣ «ደግሞ ጠንቃቃ መስላ» አለ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ዳናዊት መኪናዋ ውስጥ ሳንድዊች ገዝታ አስቀመጠችኝ። አልበላችም።

«ኢንሹራንሶቹ ዓርብ ሳምንት ሰው ይልካሉ። ካርዱ ኖሮ ሠራተኛ ካልጨመረው አንድ ነገር ነው። ካርዱ ጭራሽ ካልነበረ ግን ዊ አር ፊኒሽድ፣ ዓይኑ። የማሚ ስም አብሮ።»

«እትዬ ብፅዓትስ?»

«ምን ላድርግ? ፈርማለች።»

«ደብዳቤያቸው…»

«እሱን አሁን አልፈርምም። ታማኝ ሠራተኛ ናት ብዬ ልፈርም? ሊጠይቁኝ ነው እኮ!»

የዝናቡ ድምፅ ጣሪያው ላይ። ቀጥላ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ገጹን ላስተካክል ነው። ስምሽ መኖር ነበረበት። ይቅርታ። አሁን የማምነው አንቺን ብቻ ነው» አለች።

አራት ዓመት የጠበቅኩት ዐረፍተ ነገር። ሳንድዊቹን በላሁት። ቱና ነበር፤ ቱና አልወድም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ልቀር አስቤ ነበር። ብቀር ይታወቃል ብዬ ሄድኩ። ሄጄም ታወቀ። የማኅበራችን መቅዲ ከሩቅ፣ «ዓይናዲስ፣ ያ የሚፈነዳው ድስታችሁ እንዴት ሆነ? ለባሌ እናት አንድ ላዝዝላት ነበር!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እትዬ ብፅዓት ሳይስቁ ጠበቁኝ። ወደ ባቡር ጣቢያው አብረን ወረድን። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በእሳቸው እርምጃ መንገዱ ረጅም ነው።

«ዓይንዬ፣ እኔ ያንቺን ስም አላነሣሁም።»

«ዐውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ሰው ሲሳሳት ራሱ ቢናገር ነው የሚያምርበት። ሌላ ሰው ሲናገርበት ውርደት ይሆናል። ውርደትሽን አልፈልግም። ልጅ ነሽ፤ ትሳሳቻለሽ።»

አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።

«እናገራለሁ» አልኩ።

«መቼ?»

«ከዓርብ በፊት።»

«ጠበቃው ደብዳቤውን ከዓርብ ወዲያ አልጠብቅም ብሎኛል።» ቆም ብለው ጉልበታቸውን አሹ። «ትናንት ኪዳነማርያም ደውሎ ‹ለንደን ብርድ ልብስ ልያዝ ወይ?› ይለኛል። ሞኝ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስነግረው…» ሳቃቸው መጣ፤ ቶሎ ሄደ። «ትናገሪያለሽ አይደል?»

«እትዬ ይሙቱ።»

ማንም አላስማለኝም። ለምን ማልኩ?

ቤቴ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ ከሰዓት በኋላው ገና ብሩህ ነው። እንዴት እንደምናገር በወረቀት ሞከርኩ። «ዳናዊት፣ ካርዱን አልላክሁትም ነበር።» አራት ቃል። ከዚያ የምትጠይቀኝን ዐውቃለሁ፤ ለምን? መልሱን ስምንት ጊዜ ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ ሥራ በዝቶብኝ ይላሉ። ስምንተኛውን ቀደድኩት።

ደግሞም አስባለሁ፤ እውነቱ ከወጣ ድርጅቱ ይፈርሳል፣ ድርጅቱ ከፈረሰ እትዬ ብፅዓት ከየት ደብዳቤ ያገኛሉ? ይህ ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ትክክለኛነቱ ያስፈራኛል።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ልነግራት ሄድኩ። ስልክ ላይ ነበረች። ተመልሼ ሄድኩ፤ ጊዲዮን አብሯት ነበር። ሦስተኛ አልሄድኩም።

ገጹ ወጥቷል። ፎቶዬ፣ ከሥሩ «ዓይናዲስ፣ የድምፃችን ባለቤት»። አራት ጊዜ ከፍቼ አየሁት። ፎቶው ጥሩ ነው።

እትዬ ብፅዓት ሁለት ጊዜ ደወሉ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስብሰባ አልነበረም።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

የኢንሹራንሷ ሴትዮ ትሑት ናት። ግራጫ ኮት፣ ቀጭን ብዕር። እትዬ ብፅዓት በእንግሊዝኛ እንዳይቸገሩ አስተርጓሚ ጠየቀች። ጊዲዮን እኔን አመለከተ። «ጸሐፊያችን ናት፤ ሁለቱንም ቋንቋ ከማናችንም በላይ ታውቃለች።» እንቢ የምልበት ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። እትዬ ብፅዓት ግን ፊታቸው በራ። እንዲህ የሚሆንበትን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። ጊዲዮን ወጣ፤ ዳናዊትን ጨምሮ አራታችን ቀረን።

ሴትዮዋ ጠየቀች፦ በእያንዳንዱ ሣጥን ካርድ መጨመር እንዳለበት ታውቂ ነበር? ለምን አልጨመርሽም?

ተረጎምኩ። በአንቱታ።

እትዬ ብፅዓት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አጣጠፉ። «በያት፣ ልጄ። እኔ ድስት አሟሽ ነበር፤ በቃ አታሟሺ ተባልኩ። በምትኩ ወረቀት ይመጣል ተባልኩ። ወረቀት አልመጣም። በየቀኑ ጠይቄያለሁ፤ ይሂድ ተባልኩ። ፎርሙን ማንበብ አልችልም፤ ሁሉንም ምልክት አድርጊ ተባልኩ፣ አደረግሁ። ማን እንዳለኝ እኔ አልናገርም። ያለችኝ እዚሁ አለች፣ ራሷ ትናገር።»

ሴትዮዋ ብዕሯን ይዛ ጠበቀችኝ። ቃላቱ ነበሩኝ። ሁሉም በሥርዓት ተሰልፈው ነበር።

«ኦርደር በዝቶ ነበር ትላለች» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ረስታው ይሆናል። አታስታውስም።»

ሴትዮዋ ጻፈች።

ዳናዊት ቀና አለች። ከእናቷ ጋር በአማርኛ ነው ያደገችው፤ መናገሩ ቢያዳግታት አንድ ቃል አያመልጣትም። እኔን አየች። ከዚያ የሚጻፈውን አየች። አፏን ከፈተች፤ ውኃ ጠጣች።

«ሌላ የምትጨምሪው አለ?» አለች ሴትዮዋ። ይህን በትክክል ተረጎምኩ።

እትዬ ብፅዓት በዚህ አገር ባስ ሲጠብቁ፣ ክሊኒክ ሲጠብቁ፣ ጠበቃ ሲጠብቁ ዓመታት ያለፏቸው ሴት ናቸው። «አታስታውስም» የሚለውን በእንግሊዝኛ ያውቁታል። ፊቴን እንደ ተሰነጠቀ ዕቃ ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«የለኝም» አሉ።

ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ሳይዘሉ። ለሴትዮዋ «ታንክ ዩ» አሉ። ለዳናዊት ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ለእኔ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ደከምሽልኝ» አሉኝ። ሄዱ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ደረጃውን እስኪጨርሱ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ እያንዳንዱን እርምጃ ሰማሁ።

ሴትዮዋም ወረቀቷን ሰብስባ፣ ለሻዩ አመስግና ወጣች።

ልከተላት ተነሣሁ።

«ቁጭ በይ» አለች ዳናዊት። በአማርኛ። በእናቷ ድምፅ።

ተቀመጥኩ። ጠረጴዛውን ዞራ በአጠገቤ አለፈች፣ ሳትነካኝ፣ ሳታየኝ፤ በሩንም ዘጋችው።